ሪሰርች የሚጀመረው የመጨረሻው ዓመት ላይ አይደለም

የምርቃት ሰሞን ሲደርስ ባሕር ዳር ላይ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ በፔዳና በፖሊ በር አካባቢ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ የላቸውም። ጂሲ (ተመራቂ) ተማሪዎች ፍላሽ ይዘው ይጠብቃሉ። ፕሪንት፣ ጥረዛ፣ የአድቫይዘር እርማት፣ እንደገና ፕሪንት። አብዛኞቹ በእጃቸው የያዙት ወረቀት በሕይወታቸው የጻፉት የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት የራሳቸውን ጥያቄ አንስተው፣ መረጃ ፈልገው፣ አመሳክረው፣ በራሳቸው ቃል ጽፈው፣ ሰው ፊት ቆመው ያስረዱበት ጊዜ ስንት ነው? ብትጠይቋቸው ትዝ የሚላቸው ግሩፕ ወርክ ነው። እሱም ስድስት ሰው ስሙን አስፍሮበት አንድ ሰው የሠራው።

መምህራን በዚህ ያማርራሉ። ተማሪው አያነብም፣ ኮፒ ፔስት ብቻ ነው፣ እንግሊዝኛው አያስኬድም ይላሉ። ተማሪው ደግሞ «ማን አሳየን?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እኔ ግን ወደ ተማሪው አደላለሁ። ምክንያቱም መረጃ መፈለግ፣ መመራመርና ያገኙትን ለሌላ ሰው ማስረዳት እኛ ዘንድ የሚሰጡት ተቆራርጠው ነው። የላይብረሪ አጠቃቀም ገና ግቢ እንደገቡ፣ የዶርምና የመታወቂያው ሩጫ ባላለቀበት ሳምንት፣ በአንድ አጭር ገለጻ ያልፋል። የኮሙኒኬሽን ትምህርቱ ፍሬሽማን ላይ ይሰጥና ብዙ ጊዜ ሰዋስውና ምንባብ ሆኖ ያልቃል። ሪሰርች ሜተድ ወደ መጨረሻው አካባቢ ይመጣል፤ እሱም ትርጉምና ዝርዝር ተሸምድዶ፣ በምርጫ ጥያቄ ተፈትኖ ይዘጋል። ከዚያ በአንድ ሴሚስተር ሦስቱንም አንድ ላይ አምጡ ይባላል። ያልተለማመዱትን ነገር በጥድፊያ ሲጠየቁ ሰዎች የሚያደርጉት ይታወቃል። የሲኒየር ወረቀት ይፈልጋሉ፣ ርዕሱን ይቀይራሉ፣ የከተማውን ስም ይቀይራሉ። አቅም ያለው ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ያገኛል።

እርግጥ ልጆቹ ከታችም ተጎድተው ነው የሚመጡት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015ም ፈቅ አላለም፣ 3.2 በመቶ ነው። ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት የመጣውም በዚህ የተነሳ ነው። እስከ 12ኛ ክፍል የሄዱበት መንገድ መልስ የመምረጥ መንገድ ነው። ጥያቄ እንዲያወጡ የጠየቃቸው የለም። ይሄ ግን የዩኒቨርሲቲውን ሥራ ያበዛበታል እንጂ አያቀልለትም። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የመሳሰሉ ኮርሶች አብረው መጥተዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው። የጎደለው ኮርሶቹን የሚያገናኝ ነገር ነው። የሎጂኩ መምህር ስለ ፋላሲ (የተሳሳተ አመክንዮ) ያስተምራል፣ የእንግሊዝኛው መምህር ስለ ፓራግራፍ ያስተምራል፣ ተማሪው ግን አንድም ቀን ፋላሲን በራሱ ፓራግራፍ ውስጥ ፈልጎ አያውቅም።

የሚያገናኘው ነገር ጥያቄ ነው። ለባሕር ዳር ተማሪ ደግሞ ጥያቄ ሩቅ አይደለም፣ ከግቢው ወጣ ቢል ሐይቁ አለ።

ለምሳሌ አንድ የፍሬሽማን ክፍል ውስጥ «የጣና ስፋት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀላል ይመስላል። ሁሉም ስልኩን ያወጣል። አንዱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይላል፣ አንዷ 3,200 ትላለች፣ ሌላው 3,600 ይላል። ሁሉም ያነበበው ነገር አለ፣ ማንም ከኪሱ አላወጣውም። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ነው ትክክል ብሎ ከመከራከር በፊት ለምን ተለያየ ብሎ መጠየቅ ይመጣል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 15 ሜትር ገደማ ነው። በፎገራና በደምቢያ በኩል ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ከፍ ሲል ብዙ መሬት ይሸፍናል፣ ሲወርድ ደግሞ ብዙ መሬት ይለቃል። ስለዚህ በክረምት ማብቂያ የተለካና በግንቦት የተለካ አንድ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ደግሞ የጨረጨራ ግድብ አለ። ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ ሰው ነው የሚቆጣጠረው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ውሃው በጣም ወርዶ የመርከብ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሷል። ታዲያ ቁጥሩ የመቼ ነው? ማን ለካው? በምን ለካው? ከሳተላይት ነው ወይስ ከድሮ ካርታ? ረግረጉን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር? አንድ ተማሪ በዚህ ጥያቄ አንድ ሳምንት ቢቆይና አንድ ገጽ ቢጽፍበት ስለ ምንጭ የሚማረውን ነገር የትኛውም ሀንድአውት አይሰጠውም።

ፍለጋው ራሱ ጥበብ አለው፣ እሱም እየታየ የሚለመድ ነው። እምቦጭን እንውሰድ። ጣና ላይ መግባቱ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል። ተማሪው በእንግሊዝኛ «ዋተር ሃያሲንዝ» ብሎ ይፈልግና ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ነገር ግን የሳይንስ ጽሑፎች አረሙን የሚጠሩት በሳይንሳዊ ስሙ ነው። ይሄ ስም ደግሞ ተቀይሯል። ለረጅም ዘመን «አይክሆርኒያ ክራሲፐስ» ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ «ፖንቴዴሪያ ክራሲፐስ» ወደሚለው ዞሯል። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው የቀደመውን ጥናት ብዙውን አያገኝም። በድሮው ብቻ የፈለገ ደግሞ አዲሱ ያመልጠዋል። ይሄን ያላወቀ ተማሪ «በዚህ ላይ ብዙ ጥናት አልተሠራም» ብሎ ፕሮፖዛሉ ላይ ይጽፋል፣ አድቫይዘሩም ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል። «ጥናት አልተሠራም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሪሰርች ጋፕ (ገና ያልተጠና ክፍተት) ማሳያ ሆኖ በየወረቀቱ ሲደጋገም ሳይ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ፍለጋው የት ላይ እንደቆመ ነው።

በአማርኛ መፈለግ ደግሞ ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። የሚያስተምረው ሰው ግን አላየሁም። «ዓሣ» ብሎ የጻፈ አለ፣ «አሳ» ያለ አለ፣ «ዓሳ» ያለ አለ፣ «አሣ» ያለም አለ። «ዓባይ» እና «አባይ»ም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ለኛ አንድ የሆነውን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያየውም። ስለዚህ በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በጸና በፀ እየለዋወጡ መሞከር ግድ ነው። ሌላም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፉ ሰነዶች አሉ። እነዚህን ፒዲኤፍ ስትከፍቷቸው አማርኛ ሆነው ይነበባሉ፤ ኮፒ ስታደርጓቸው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናሉ። ማለትም የፍለጋ ሞተሩ አያገኛቸውም። እስካን የተደረጉ ሪፖርቶችም ያው ናቸው። ስለ ጣና ዙሪያ በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ ጉግል ላይ የለም፤ የቢሮ መዝገብ ቤት ውስጥ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ውስጥ በጥራዝ አለ። ተነስቶ ሄዶ መጠየቅ የሪሰርች አካል ነው። ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «እንደምን አደሩ» ብሎ፣ ደብዳቤ አሳይቶ፣ የሚፈልገውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የማይችል ተማሪ መረጃውን አያገኘውም። ኮሙኒኬሽን ከኢንፎርሜሽን ጋር አንድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ዓመተ ምሕረት ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1992 መሆኑ ነው። እንግሊዝኛው ላይ 2000 የሚለውን አይቶ በአማርኛ «በ2000 ዓ.ም. ተመሠረተ» ብሎ የጻፈ ሰው በሚሊኒየሙ በዓል ሰሞን አስመረቀው ማለት ነው፣ ስምንት ዓመት ተሳስቷል። ይሄ በአንድ ተቋም ታሪክ ላይ ሲሆን ቀላል ነው። የዝናብ መረጃ ከአንድ ቢሮ በእኛ አቆጣጠር፣ የሳተላይት መረጃ ደግሞ በፈረንጁ ወስዶ ጎን ለጎን ግራፍ ላይ የሚያስቀምጥ ተማሪ ግን ሙሉ ድምዳሜው ይበላሽበታል። ስሕተቱን ደግሞ ማንም ላያይለት ይችላል፣ ግራፉ ያምራልና።

የስም ጉዳይም አለ። እኛ ያለን የአባት ስም ነው፣ የቤተሰብ ስም የለንም። ሪፈረንስ የሚያዘጋጁት ሶፍትዌሮች ግን የመጨረሻውን ስም ነው የሚያስቀድሙት። አበበ ከበደ የሚባል ሰው ጽሑፍ ቢጽፍ «ከበደ» ሆኖ ይጠቀሳል፣ ማለትም የተጠቀሰው አባቱ ነው። በዚያው ወረቀት ሌላ ገጽ ላይ ተማሪው በአገርኛው ልማድ «አበበ» ብሎ ይጠቅሰዋል። አሁን አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ። የኢትዮጵያ ጥናት ላይ የሚሠሩ ብዙ ምሁራን የራስን ስም አስቀድሞ ሙሉውን የመጻፍ ልማድ አላቸው፤ ይሄን ልማድ ለተማሪ በአሥር ደቂቃ ማሳየት ይቻላል። ዞተሮን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ላይ ስሙን በአንድ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

አሁን ወደ ማመንና አለማመን ልምጣ። አብዛኛው የተማሪ መረጃ የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ሽፋኑ የተቀደደ መጽሐፍ፣ ጸሐፊው የማይታወቅ ሀንድአውት፣ ከየት እንደተቆረጠ የማይታወቅ ምዕራፍ። በዚህ ላይ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «ጽሑፉን በደንብ አንብቡት፣ ሚዛናዊ መሆኑን እዩ» የሚል ነው። ይሄ ምክር ግማሽ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት የታሪክ ምሁራንን፣ የስታንፎርድ ተማሪዎችንና በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎችን የማይታወቁ ድረ ገጾች ፊት አስቀምጠው አዩ። ፒኤችዲ ያላቸው ምሁራን እንኳ በገጹ ማማርና በአርማው ተታለው ነበር። አጣሪዎቹ የተሻሉት ገጹን ብዙ ስላነበቡ አይደለም፤ ቶሎ ትተውት ወጥተው፣ ስለ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ምን ተብሏል ብለው ስለፈለጉ ነው። ይሄ ለኛ ተማሪ በጣም የሚጠቅም ልማድ ነው። የተላከላችሁን ፒዲኤፍ አንብባችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት ውጡና ጸሐፊው ማን ነው፣ ጆርናሉ ማን ነው፣ ሌላ ሰው ጠቅሶታል ወይ በሉ። ገንዘብ ከፍላችሁ ላኩና በሳምንት እናወጣላችኋለን የሚሉ ጆርናሎች ኢሜይል ተማሪውም ጋ መምህሩም ጋ ይደርሳል፤ የነሱን ጽሑፍ ከእውነተኛው መለየት ሁለታችንም የሚያስፈልገን ነው።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተባብሷል፣ ወይም ግልጽ ወጥቷል ማለት ይሻላል። ሊትሬቸር ሪቪው ጻፍልኝ ሲሉት ይጽፋል፤ ሪፈረንስ ሲሉት የጸሐፊ ስም፣ ዓመት፣ ጆርናል፣ ገጽ ሁሉ አሟልቶ ይሰጣል። አንዳንዱ የሌለ ጽሑፍ ነው። መሣሪያው የሚሠራው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ስለሆነ እውነተኛ የሚመስል ሪፈረንስ መፍጠር አይከብደውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ላይ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች እንደ እውነት ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የተማሩ፣ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ተማሪውን አትጠቀም ብሎ መከልከል ብቻ አይበቃም፣ የሚሰማም የለም። የሚበጀው የእያንዳንዱን ሪፈረንስ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ) ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ መኖሩን እንዲያይ፣ ከፍቶ እንዲያነብ፣ ያነበበውን ከወረቀቱ ጋር እንዲያስተያይ ማስለመድ ነው። መምህሩም ከአርባው ሪፈረንስ ሦስቱን መርጦ «እስኪ ይሄ ሰው ምን አለ? በራስህ ቃል ንገረኝ» ቢል በአምስት ደቂቃ ሁሉም ነገር ይታያል።

የሪሰርቹ ራሱ ችግር ደግሞ የበለጠ ውስጥ ነው። የኛን አገር ጥናታዊ ወረቀት ያገላበጠ ሰው ያማኔን፣ ማለትም ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያወጣውን ቀመር፣ ያውቀዋል። «ያማኔ፣ 1967» በየሦስተኛው ምዕራፍ ይገኛል። ጠቅላላ ቁጥሩ 400 ሰው ከሆነና የስሕተት ልኩ 5 በመቶ ከተባለ፣ ቀመሩ 200 ሰው ጠይቁ ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን ቀመሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል ካለው ብቻ ነው። ተማሪው ቁጥሩን በቀመር አውጥቶ ሲያበቃ መጠይቁን የሚበትነው ገበያ ቀን ላገኘው ሰው ወይም ለጓደኞቹ ከሆነ 200 የሚለው ቁጥር ምንም ዋስትና አይሰጥም። 200 ሰው ሞላ ማለት እንጂ የሠፈሩ ሰው ተወከለ ማለት አይደለም። ቀመሩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከጀርባው ያለውን ሁኔታ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዲፌንስ ላይም፣ ተማሪው ወረቀቱን ኮሚቴ ፊት ሲያቀርብ፣ የሚጠየቀው «ሳምፕል ሳይዝህን እንዴት አወጣህ?» ነው፤ «ሰዎቹን እንዴት አገኘሃቸው?» ተብሎ ቢጠየቅ ይሻል ነበር።

መጠይቁም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ወደ አማርኛ ይመለሳል፣ ከዚያ ፎገራ ሄዶ ለአንድ ገበሬ ይነበባል። «እምቦጭ በኑሮዎ ላይ ያስከተለው ተጽዕኖ፦ በጣም ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ በጣም ዝቅተኛ።» ሰውየው ትሁት ስለሆኑ አንዱን ይመርጣሉ። ግን ጥያቄው የሳቸውን ኑሮ አያውቀውም። አረሙ ከብት የሚሰማራበትን ዳር ወስዶባቸው ሊሆን ይችላል፣ መረብ ጎትቶባቸው ሊሆን ይችላል፣ ሩዝ ማሳ ገብቶባቸው ሊሆን ይችላል። ዘንድሮና አምና አንድ አይደለም፣ ነፋሱ ወደየት እንደገፋው ይወሰናል። መሬትዎ ስንት ሄክታር ነው ሲባሉ በጥማድ ወይም በቃዳ የሚያስቡትን ሰው በሄክታር ማስገመት ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ መጠይቁን ወደ ጎን አድርጋ «አባባ፣ እስኪ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ» ብትልና ዝም ብላ ብታዳምጥ የምታገኘው ነገር ሌላ ነው። ማዳመጥ፣ መልሶ መጠየቅ፣ የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ፣ ለትልቅ ሰው በአክብሮት መናገር፤ ይሄ ሁሉ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ነው። ፍሬሽማን ላይ እንግሊዝኛ ምንባብ ብቻ ሆኖ ማለቁ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። ጆርናሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሥራ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው፣ ይሄን የሚክድ ሰው ተማሪውን ይጎዳዋል። ነገር ግን ተማሪው ገና ሐሳቡን እየፈለገ ባለበት ሰዓት በእንግሊዝኛ ብቻ አስብ ማለት ሐሳቡን ያስጥለዋል። ክፍል ውስጥ ፕሬዘንቴሽን ሲባል ከስድስቱ እንግሊዝኛ የሚሻለው አንዱ ይወጣል፣ ስላይዱን ያነባል፣ አምስቱ ዝም ይላሉ። ጥያቄ የሚጠይቅም የለም። ያው ክፍል ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ ቢነጋገርበት፣ ቢከራከርበት፣ ምን ማለት እንደፈለገ ካወቀ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ቢያመጣው እንግሊዝኛውም ራሱ ይሻሻላል፤ የሚለው ነገር ያለው ሰው ቃል ይፈልጋል።

በሌላ በኩል ደግሞ አማርኛው በመጨረሻም መመለስ አለበት። ስለ ጣና ዓሣ አስጋሪዎች፣ ስለ ዘጌ ቡና፣ ስለ ደንገል ታንኳ የተጻፈ ወረቀት በእንግሊዝኛ ተጠርዞ ሼልፍ ላይ ይቀመጣል። መረጃውን የሰጡት ሰዎች ምን እንደተባለ አያውቁም። ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ፣ ያለ ቴክኒካል ቃል፣ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ለአስጋሪዎቹ ማኅበር የሚሰጥ፣ የወረቀቱ ግዴታ ቢሆን ምን ይጎዳል? ወጪው የሁለት ገጽ ፕሪንት ነው። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም ያልገባህን ነገር ለአስጋሪ በቀላል አማርኛ ማስረዳት አይቻልም። ለኮሚቴ ግን ይቻላል፣ በእንግሊዝኛው መሸፈን ይቻላል።

መረጃ አናገኝም የሚለው ምክንያት ደግሞ የሚባለውን ያህል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ፣ የምግብና የእርሻ ድርጅቱ ፋኦ በ2003 ያስከተለው አጎራ አሉ፤ ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናት። በተመዘገበ ተቋም በኩል በገንዘብ የሚሸጡ ጆርናሎች በነፃ ይነበባሉ። አገር አቀፍ የአካዳሚክ ዲጂታል ላይብረሪም አለ። ይሄን ሁሉ ሳያውቅ የሚመረቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ አውቆም የይለፍ ቃሉን ከማን እንደሚወስድ የማያውቅ አለ። የኔትወርኩ ችግር ግን እውነተኛ ነው። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ወረቀት ይጽፉ የነበሩ ልጆች ያዩትን አይተዋል። ስለዚህ ኔትወርክ ባለ ሰዓት ማውረድ፣ ፋይሉን በጸሐፊ ስምና በዓመት መሰየም፣ ከስልክ ውጭ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ እኛ አገር ከመረጃ ችሎታ ዋናው ክፍል ነው። ውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ይሄን አይነግሯችሁም፣ አይቸግራቸውማ።

ከባዱ ነገር ኤክሲት ኤግዛም፣ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ሳያልፈው አይመረቅም፤ ፈተናው ደግሞ የምርጫ ነው። ተማሪውም ዲፓርትመንቱም የሚለካው በማለፊያ መጠን ሲሆን ጊዜው ወደ ሾርት ኖትና ወደ ድሮ ጥያቄ ይሄዳል። ፈተናው መኖሩን አልቃወምም፣ የትምህርት ጥራት መለኪያ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ጥያቄ ማውጣትን፣ ምንጭ መመዘንን፣ ማስረዳትን በኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ መለካት አይቻልም፤ ስለዚህ እነዚህ በየኮርሱ ውስጥ የራሳቸው ማርክ ካልተያዘላቸው ይረሳሉ።

መምህራን ክፍሉ ብዙ ነው፣ ይሄን ሁሉ ማን ያርማል ይላሉ። ትክክል ነው። ለዚህ ነው አዲስ ኮርስ ይጨመር የማልለው። ያለው አሳይመንት ይቀየር። ስድስት ሰው ከሚያመጣው ሃያ ገጽ ይልቅ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ያምጣ፣ ከጀርባው ደግሞ የፍለጋ ማስታወሻ ይኑረው፤ በምን ቃል ፈለግሁ፣ የት ፈለግሁ፣ ምን አገኘሁ፣ የትኛውን ጣልሁ፣ ለምን ጣልሁ። ይሄን ከሌላ ሰው መገልበጥ ይከብዳል፣ ማንበብ ደግሞ ለመምህሩ ሁለት ደቂቃ ነው። የላይብረሪ ባለሙያውም መምጣት ያለበት መስከረም ላይ ሳይሆን ጥያቄው የተሰጠ ሳምንት፣ ተማሪው ፈልጎ ያጣው ነገር ባለበት ሰዓት ነው። የፍሬሽማኑ እንግሊዝኛ መምህርና የጂኦግራፊው መምህር ተነጋግረው ስለ ጣና አንድ ጥያቄ ለሁለት ኮርስ ቢሰጡ፣ አንዱ ይዘቱን አንዱ አጻጻፉን ቢያርሙት፣ ለዚህ የማንም ፈቃድና የማንም በጀት አያስፈልግም። አንድ ዲፓርትመንት በሚቀጥለው ሴሚስተር በአንድ ሴክሽን ሊጀምረው ይችላል።